ሻንሲና ስሙ፦ የጭነት ተሽከርካሪ መለያዎች ከፋብሪካ ወደ አማርኛና ወደ ናይሮቢ አንደበት ሲሻገሩ

ከናይሮቢ መሀል ተነሥቶ ወደ ሰሜን ምሥራቅ የሚወጣው የቲካ አውራ ጎዳና በካሳራኒ አጠገብ ያልፋል። መንገዱ ቲካን፣ ናንዩኪን፣ ኢሲዮሎንና ማርሳቢትን አዳርሶ ሞያሌ ይገባል፤ ከዚያም በያቤሎ፣ በዲላና በሐዋሳ በኩል አዲስ አበባ ይደርሳል። በሁለቱም ጫፍ ሰውና ጭነት ከሚያመላልሱት ተሽከርካሪዎች ብዙዎቹ የአንድ አምራች ሥራ ናቸው። ኬንያ በመንገዱ ግራ፣ ኢትዮጵያ በመንገዱ ቀኝ ስለሚነዳባቸው መሪያቸው በተለያየ ጎን ተተክሏል እንጂ ሻንሲያቸው አንድ ነው። ስማቸው ግን እንደ መሪያቸው ይለያያል።

ጸሐፊው በካሳራኒ በቆየባቸው ወራት ወደ ካሳራኒና ወደ ሙዊኪ የሚወስደውን የ17 ቢ መስመር ይጠቀም ነበር። በመስመሩ ከሚመላለሱት መካከለኛ አውቶቡሶች መካከል ኤን.ኪው.አር የሚባለው የአይሱዙ ሻንሲ ያለባቸው አይታጡም። ተሳፋሪው ተሽከርካሪውን ማታቱ ወይም በወጣቶች አነጋገር ማትሪ ይለዋል፤ ኤንኪውአር የሚለውን ስም የሚሰሙት ከባለቤቱ፣ ከመለዋወጫ ሻጩና ከፉንዲው፣ ማለትም ከመካኒኩ ነው። የዚሁ ቤተሰብ ተሽከርካሪ አዲስ አበባ ሲደርስ ቅጥቅጥ ይባላል። አንድ ዕቃ በአንድ መንገድ ላይ እነዚህን ሁሉ ስሞች ሲይዝ፣ እያንዳንዱ ስም ስለ ዕቃው የሚናገረው የተለየ ነገር ነው። የዚህ ጽሑፍ ጥያቄም ይኸው ነው፦ የፋብሪካው መለያ ምን ይናገራል፣ ተናጋሪው ሕዝብ ከዚያ ውስጥ ምኑን ይይዛል፣ ምኑንስ ይጥላል?

ስለ አጻጻፉ አንድ ማሳሰቢያ ይበቃል። መለያው እንደ ፋብሪካ ኮድ ሲጠቀስ በነጥብ ተከፍሎ (ኤን.ፒ.አር)፣ እንደ አማርኛ ቃል ሲጠቀስ ደግሞ ተያይዞ (ኤንፒአር) ተጽፏል። ዓመታቱ በተለይ ካልተገለጸ በቀር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ኮዱ እንደ ሰዋስው

አይሱዙ የሚለው ስም ራሱ የወንዝ ስም ነው። በጃፓን የኢሴ መቅደስ አጠገብ የሚፈስሰው የኢሱዙ ወንዝ በ1934 ለአንድ የጭነት መኪና ስሙን ሰጠ፤ በ1949 ደግሞ ኩባንያው በሙሉ በዚያ ተጠራ። ትንሹ የጭነት መኪናው በአገሩ በጃፓን «ኤልፍ»፣ መካከለኛው «ፎርዋርድ» ይባላል። ባሕር ተሻግሮ ወደ እኛ ሲመጣ ግን እነዚህ ስሞች ይቀሩና በቦታቸው ሦስት የላቲን ፊደላት ይተካሉ።

ሦስቱ ፊደላት ዘፈቀዳዊ አይደሉም። የመጀመሪያው ቤተሰቡን ይነግራል፤ «ኤን» ቀላሉን፣ «ኤፍ» መካከለኛውን። ሁለተኛው የክብደት ደረጃን ያመለክታል፤ በእንግሊዝኛው የፊደል ተርታ ወደፊት በተጓዘ መጠን በአብዛኛው የተሽከርካሪው አቅም ይጨምራል። ስለዚህ በኤን ቤተሰብ ኤን.ኬ.አር፣ ኤን.ፒ.አር፣ ኤን.ኪው.አር እያለ ይወጣል፤ በኤፍ ቤተሰብም ኤፍ.አር.አር፣ ኤፍ.ኤስ.አር፣ ኤፍ.ቲ.አር፣ ኤፍ.ቪ.አር ይከተላሉ። ሦስተኛው የሚነዱትን እግሮች ይመለከታል፦ «አር» ከአራት የጎማ ቦታዎች ሁለቱ የኋላዎቹ ብቻ ሲነዱ፣ «ኤስ» አራቱም ሲነዱ፣ «ኤም» ከስድስቱ ሁለቱ ሲነዱ፣ «ዜድ» ከስድስቱ አራቱ ሲነዱ። ኤን.ፒ.ኤስ ማለት እንግዲህ ኤን.ፒ.አር ሆኖ በአራቱም እግሩ የሚገፋ ማለት ነው፤ ኤፍ.ቪ.ዜድም የኤፍ.ቪ.አር ባለ ሦስት አክሰል ወንድም ነው።

ይህ ለቋንቋ አጥኚ እንግዳ ነገር አይደለም። ሦስት ቦታዎች አሉ፤ በእያንዳንዱ ቦታ ላይ የሚተካኩ ምዕላዶች አሉ፤ ፍቺውም የሚገኘው ከፊደሉ ብቻ ሳይሆን ከፊደሉና ከቦታው ጥምረት ነው። ኤፍ.አር.አር የሚለውን መለያ እንመልከት። ሁለቱ «አር»ች በመልክ አንድ ሲሆኑ በፍቺ አይገናኙም፤ መካከለኛው ክብደትን፣ የመጨረሻው የሚነዱትን እግሮች ይናገራል።  በተቃራኒው ኤን.አር.አር እና ኤፍ.አር.አር በቤተሰብ ሲለያዩ በመካከለኛው ፊደል ይጋራሉ፤ ምዕላዱ ከአንዱ ረድፍ ወደ ሌላው ይሻገራል ማለት ነው።

ሌላው አምራች ሌላ ሰዋስው አለው። የአሜሪካው ጄኔራል ሞተርስ ለጭነት መኪኖቹና ለትልልቅ የቤተሰብ ተሽከርካሪዎቹ የጋራ መሠረት ሲያወጣ ለረጅም ጊዜ «ጂ.ኤም.ቲ» ብሎ ቁጥር ያስከትል ነበር፤ ፊደላቱ የኩባንያውን ስምና «ትራክ» የሚለውን ቃል ያሳጥራሉ። ጂ.ኤም.ቲ 400 በ1988 ሞዴል ተጀመረ፤ 800 በ1999፣ 900 በ2007 ተተካ። ከዚያ ወዲህ የመጡት ግን ቁጥሩን ከፊደል ጋር አደባልቀው ኬ 2 ኤክስ ኤክስ እና ቲ 1 ኤክስ ኤክስ ተባሉ። እዚህ ላይ «ኤክስ» ፍቺ ያለው ምዕላድ ሳይሆን ባዶ ቦታ ነው፤ በውስጡ የተለያዩ አባላት የሚገቡበት ክፍት ሣጥን። ልዩነቱ ይህ ነው፦ የጄኔራል ሞተርስ ኮድ በመሐንዲሶች ቢሮ ይቀራል፣ ገዥው የሚያውቀው «ሲልቨራዶ» ወይም «ሰበርባን» የሚለውን የገበያ ስም ነው። የአይሱዙ ኮድ ግን በተሽከርካሪው አካል ላይ ተለጥፎ ወደ ገበያ ይወጣል። ኮድ ቃል የመሆን ዕድል የሚያገኘው ለሕዝብ ዓይን ሲጋለጥ ነው።

ሁለቱ አምራቾች በናይሮቢም ታሪክ ይገናኛሉ። ጄኔራል ሞተርስ በ1971 በአይሱዙ ውስጥ ድርሻ ገዛ፤ በ1975 ደግሞ በናይሮቢ የመገጣጠሚያ ኩባንያ መሠረተ። ፋብሪካው ለዐሥርት ዓመታት የአይሱዙን የጭነት መኪና በአሜሪካዊው ስም ሥር ሲገጣጥም ቆይቶ፣ በ2017 ጄኔራል ሞተርስ ድርሻውን ለአይሱዙ ሲሸጥ አይሱዙ ኢስት አፍሪካ ተብሎ ተሰየመ። በዚህ ሁሉ የባለቤትነት ለውጥ ውስጥ ሦስቱ ፊደላት አልተነኩም። የኩባንያው ስም ተለዋወጠ፤ ኤን.ኪው.አር ግን ኤን.ኪው.አር እንደ ሆነ ቀረ።

ኮዱ ቃል ሲሆን

በኢትዮጵያ የጭነት ሥራ ውስጥ ኤንፒአር እና ኤፍኤስአር የታወቁ ቃላት ናቸው። አማርኛ ሲቀበላቸው ምን አደረጋቸው? በመጀመሪያ የውስጥ ክፍላቸውን አደነደነው። ለተናጋሪው የኤፍኤስአር መጨረሻ «አር» ምንም አይናገርም፤ በ«ኤስ» ሊተካውም አያስብም። ሦስት የፊደል ስሞች የነበሩት አንድ ግንድ ሆኑ። ማስረጃው ቅጥያው ነው፦ ኤፍኤስአሩ፣ ኤፍኤስአሮች፣ በኤፍኤስአራችን። የእሙርነት ምልክቱና የብዙ ቁጥሩ ቅጥያ ተነባቢ በሚጨርሱ የአማርኛ ስሞች ላይ እንደሚሆኑት ሁሉ እዚህም ያለ ችግር ይቀጠላሉ።

ይህ ሂደት አዲስ አይደለም፤ ከእንግሊዝኛ በፊትም በጣሊያንኛ ተፈጽሟል። የአሮጌዎቹ ሾፌሮች ቋንቋ በጣሊያን ዘመንና ከዚያ በኋላ የመጡትን የፊያት የጭነት መኪኖች ስሞች ጠብቆ አቆይቷል። «ትሬንታ ኳትሮ» ተብሎ የሚታወቀው መኪና በፋብሪካው ፊያት 634 ነው። «ስድስት መቶ» ተቆርጦ «ሠላሳ አራት» ብቻ ቀረ። ቆራጩ አላዋቂ አልነበረም፤ በተከታታይ ቁጥሮች ውስጥ አንዱን ከሌላው የሚለየው ጅራቱ እንጂ ራሱ አለመሆኑን ዐውቆ ነው። «ኤንትሬ» ደግሞ ፊያት 682 ኤን 3 ነው፤ ከዚህኛውም የተያዘው ጅራቱ ነው።

በኤንትሬ ላይ ትንሽ መቆየት ይገባል። «ትሬ» የጣሊያንኛ ሦስት ነው፤ «ኤን»ም በዚያው ቋንቋ «ኤኔ» ከሚባለው የፊደል ስም የመጣ ነው። ስለዚህ በኤንትሬ መጀመሪያ ያለው «ኤን» እና በኤንፒአር መጀመሪያ ያለው «ኤን» በአማርኛ አንድ ድምፅ ይሁኑ እንጂ ምንጫቸው ሁለት ነው፤ አንዱ ከሮም፣ አንዱ በእንግሊዝኛ በኩል። ጆሮ ሊለያቸው አይችልም፤ የሚለያቸው ተከትሏቸው የሚመጣው ነው። ይበልጥ የሚያስገርመው የፊያቱ «ኤን» ፍቺ ነው። ፊደሉ «ናፍታ» የሚለውን የጣሊያንኛ ቃል ያሳጥራል፤ ይህም ቃል ራሱ «ናፍጣ» ሆኖ በአማርኛ በየዕለቱ የሚነገር ነው። ሾፌሩ መኪናውን ኤንትሬ እያለ ይጠራል፣ ናፍጣም ይቀዳለታል፤ የመጀመሪያው ድምፅ የሁለተኛው ቃል ራስ መሆኑን ግን የሚነግረው የለም። የኮዱ ቁልፍ በእጁ ነበረ፤ ኮዱ ቃል ከሆነ በኋላ ግን በሩ ተዘጋ።

የጋራዡ አማርኛ በአጠቃላይ እንዲህ በድርብ የተነጠፈ ነው። ፍሬን፣ ማርሽ፣ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ኮፋኖ፣ ጎሚስታና ፖርቶመጋላ ከጣሊያንኛ የተወሰዱ የታችኛው ንጣፍ ናቸው። በላያቸው የእንግሊዝኛው ንጣፍ ዐረፈ። «ደብል ጋቢና» በሚለው ስም ሁለቱ ንጣፎች በአንድ ቃል ላይ ተጋጥመዋል፦ «ጋቢና» የጣሊያንኛው «ካቢና»፣ «ደብል» የእንግሊዝኛው። ባለ ሁለት ረድፍ ወንበር ፒክአፕን የሚጠራ ሰው የሁለት ዘመን ታሪክ በአንድ ትንፋሽ ይናገራል።

የቶዮታን ነገር በአጭሩ እንለፈው፤ ሥርዓቱ የተለየ ቢሆንም ዕጣው ተመሳሳይ ነው። በላንድክሩዘር መለያ ውስጥ «ጄ» ቤተሰቡን፣ ከፊቱ የሚመጡት ፊደላት ሞተሩን፣ ከኋላው የሚከተለው ቁጥር ትውልዱን ይነግራሉ። ኤፍ.ጄ 40 የኤፍ ሞተር ያለው የ40 ተከታታይ፣ ኤች.ዜድ.ጄ 78 የኤች.ዜድ ሞተር ያለው የ70ዎቹ ወገን ነው። በአዲስ አበባም ሆነ በናይሮቢ ከዚህ ሁሉ ኮድ ይልቅ ሕዝብ የያዘው «ቪኤይት» የሚለውን ነው፤ እርሱም የሞተሩ የሲሊንደር አቀማመጥ እንጂ የመኪናው ስም አይደለም። በሁለቱም ከተሞች ቃሉ የባለሥልጣን መኪና፣ አልፎም ባለሥልጣኑ ራሱ ማለት ሆኗል። በ2007 የወጣው የ200 ተከታታይ በአንዳንድ ገበያዎች ባለ ስድስት ሲሊንደር ሞተርም ይዞ ተሽጧል፤ በ2021 የተተካው የ300 ተከታታይ ደግሞ ባለ ስምንቱን ጨርሶ ትቶታል። ቃሉ ግን ሲሊንደር አይቆጥርም፤ የሚቆጥረው ማን እንደ ተቀመጠበት ነው።

አካሉ የማን ነው?

አሁን ወደ ካሳራኒው መኪና እንመለስ። የአይሱዙ ኤን.ኪው.አር ከፋብሪካው የሚወጣው የጭነት ሻንሲ ሆኖ ነው፦ ሁለት ረጃጅም ብረቶች፣ በመካከላቸው መስቀልያዎች፣ ከላይ ጋቢና፣ ከሥር ሞተርና ባሌስትራ። ወንበሩ፣ ግድግዳው፣ ጣሪያውና መስኮቱ የሚሠሩት ናይሮቢ ውስጥ ባሉ የአካል ሠሪዎች ዘንድ ነው። በኢትዮጵያም ነገሩ ያው ነው፤ የጭነት ሻንሲ ይገዛል፣ የመንገደኛ አካል በአገር ውስጥ ይበየድበታል።

ስያሜው የሚከፈለው ልክ በብየዳው መስመር ላይ ነው። ከብየዳው በታች ያለው የፋብሪካውን ኮድ ይዞ ይኖራል፤ መለዋወጫ የሚፈልግ ሰው ኤንኪውአር ወይም ኤንፒአር ሳይል ምንም አያገኝም። ከብየዳው በላይ ያለው ደግሞ የሠሪውና የተሳፋሪው ነው፤ ስሙንም የሚያወጡለት እነርሱ ናቸው። በናይሮቢ ያጌጠ፣ ሙዚቃው የሚያስተጋባ ትልቅ ማታቱ «ንጋንያ» ይባላል፤ እያንዳንዱም በአካሉ ላይ የተሣለ የተጸውዖ ስም አለው። በአማርኛ ደግሞ ቅጥቅጥ ተባለ።

ቅጥቅጥ በአገባቡ እንከን የሌለው የአማርኛ ቃል ነው። ከአራት ተነባቢ ሥር፣ ከ«ቀጠቀጠ»፣ እንደ «ድብልቅ» እና «ጥቅጥቅ» ባለ ቅርጽ የተገኘ፣ የድርጊትን ውጤት የሚያመለክት ስም ነው። ብረት ቀጥቃጭ የቀጠቀጠው፣ በመዶሻ የተሠራ አካል ማለት ይሆናል። ሁለተኛ ንባብም ይቻላል፤ «ቀጠቀጠ» ደበደበ ማለትም ስለሆነ፣ ለጭነት የተሠራ ባሌስትራ ተሳፋሪውን በኮረኮንች ላይ የሚያደርገውን የሚያውቅ ሰው ቃሉን በዚህ ቢረዳው አይፈረድበትም። ጸሐፊው ወደ መጀመሪያው ያዘነብላል፤ የቃሉ ቅርጽ ተቀጥቃጩን እንጂ ቀጥቃጩን አይጠራምና። ይሁንና ሁለቱ ንባቦች አንዱ ሌላውን እየደገፉ ቃሉን በሕይወት እንዳቆዩት መገመት ይቻላል።

ከዚህ ቀደም የነበረው «ውይይት» የተባለው የፔዦ ታክሲም ከብየዳው በላይ የተሰየመ ነበር። ከኋላ ባለው ጭነት መጫኛ ላይ አግዳሚ ወንበር ተሠርቶለት ተሳፋሪዎች ፊት ለፊት ይቀመጡ ነበር፤ ስሙም ከ«ተወያየ» የተገኘ የመደራረግ ስም ነው። ፔዦ ይህን ወንበር አልሠራም፤ ስለዚህ ስሙን ሊያወጣለት አይችልም ነበር።

ቶዮታ ሃይኤስ ግን አካሉም ከፋብሪካ ተሟልቶ ይመጣል። የሠፈር ስያሜው የሚያርፈው እንግዲህ በቅርጹ ላይ ነው። በኢትዮጵያ አንደኛው «ዶልፊን» ተባለ፤ በኬንያ አንደኛው «ሻርክ» ተባለ። የሁለት አገር ሰዎች ሳይመካከሩ የአንድን ሚኒባስ አፍንጫ አይተው ወደ ባሕር መሄዳቸው የሚያስደስት ግጥምጥሞሽ ነው፤ አንዱ የዋሁን፣ ሌላው ነካሹን መረጠ። ሌላኛው የኢትዮጵያ ሃይኤስ «አባዱላ» የሚባለው በኦሮሞ የጦር መሪ ማዕረግ ነው፤ አማርኛ ተናጋሪው ቃሉን ከማዕረግነቱ ነጥሎ ለተሽከርካሪ ሲጠቀምበት፣ ኦሮምኛ ተናጋሪው ግን «አባ» እና «ዱላ» የሚሉትን ሁለት ቃላት ለይቶ መስማቱን ይቀጥላል። አንድ ቃል በአንድ ሚኒባስ ውስጥ ለአንዱ ተሳፋሪ ግልጽ፣ ለሌላው ድፍን ነው።

የወል ስም የሚሆነው የምርት ስም ምርጫም እንደየአገሩ ነው። በኢትዮጵያ አነስተኛ የጭነት መኪና ሁሉ ወደ «አይሱዙ» ሲያዘነብል፣ በኬንያ «ካንተር» የሚለው የሚትሱቢሺ ፉሶ ሞዴል ስም ያንኑ ቦታ ያዘ። በኬንያ ባለ 14 መቀመጫው ማታቱ ሃይኤስ ሆኖ ሳለ «ኒሳን» መባሉ የታወቀ ነው። ስዋሂሊ እንዲህ ያሉትን መጤዎች ብዙ ጊዜ ብዙ ቁጥሩ በ«ማ» ከሚጀምረው የስም ምድብ ያስገባቸዋል፤ ሎሪ ማሎሪ፣ ባሲ ማባሲ፣ ጋሪ ማጋሪ እንደሚባለው። የመጨረሻው ቃል ከሕንድ የመጣ ሲሆን በስዋሂሊ መኪና፣ በአማርኛ ግን ፈረስ የሚጎትተው «ጋሪ» ነው፤ ቃሉ አንድ፣ ጎታቹ ሁለት። ማትሪ ደግሞ ማታቱ ውስጥ ያለውን «ታቱ»፣ ማለትም ሦስት፣ በእንግሊዝኛው «ትሪ» የተካ ትርጉም ነው፤ የ«ማ» ቅድመ ቅጥያው ሳይነካ ቁጥሩ ብቻ ተተረጎመ። ማታቱ በመጀመሪያ ሦስት የዐሥር ሳንቲም ዋጋ ነበረ፤ ዋጋው ከጠፋ ከዘመናት በኋላ ቁጥሩ በሌላ ቋንቋ ታደሰ።

በሥራቸው የተጠሩ

እስካሁን ያየናቸው ስሞች ስለ አሠራር ወይም ስለ ቅርጽ የሚናገሩ ናቸው። ሌሎች ግን ስለ ሥራ ይናገራሉ። በኢትዮጵያ የአይሱዙ የጭነት መኪና በፍጥነቱና በሚያደርሰው አደጋ ምክንያት «አልቃይዳ» የሚል ቅጽል ወጥቶለታል፤ ከእርሱ በኋላ በብዛት የገባው የቻይናው ሲኖትራክ ደግሞ «ቀይ ሽብር» ተብሏል። የመጀመሪያው ስም ከዜና፣ ሁለተኛው ከአገሪቱ የ1970ዎቹ ቁስል የተወሰደ ነው። በቀልድ መልክ ይነገሩ እንጂ ቀልዱ ሰው የሞተበት ነው።

እዚህ ላይ የቃሉ ጥናት ከቃል አልፎ ይሄዳል። የትራፊክ አደጋ ዜና በአማርኛ ሲነገር ተሽከርካሪው አብዛኛውን ጊዜ በሁለት ነገር ይገለጻል፦ በሰሌዳው ኮድና በምርት ስሙ። የሰሌዳው ኮድ ለረጅም ዘመን የሚናገረው ስለ አገልግሎት ነበር፤ 1 ታክሲ፣ 2 የግል፣ 3 የንግድ፣ 4 የመንግሥት። «ኮድ 3 አይሱዙ» ሲባል እንግዲህ ምን ታወቀ? የንግድ መሆኑና ከአንድ ጃፓናዊ አምራች መምጣቱ። በዚህ አንድ ስም ሥር ቀላሉ ኤን.ፒ.አር፣ ከእርሱ በብዙ የሚከብደው ኤፍ.ኤስ.አር፣ ጤፍ የጫነውና ሠላሳ ሰው የጫነው ሁሉ አብረው ይገባሉ። የትኛው እንደሚገለበጥ፣ የትኛው ፍሬኑ እንደማይበቃው፣ የትኛው በጭነት ሻንሲ ላይ ሰው እንደሚያመላልስ ለማወቅ የሚፈልግ ሰው ከዜናው ተነሥቶ አይችልም። ልዩነቱን የሚናገሩት ሁለት ስሞች በጎን አሉ፦ የፋብሪካው ኮድ ክብደቱን ይናገራል፤ ቅጥቅጥ የሚለው የሠፈር ስም ደግሞ አካሉ በኋላ የተጨመረ መሆኑን ይናገራል። በመካከላቸው የተመረጠው «አይሱዙ» ሁለቱንም አይናገርም።

ጸሐፊው በዚህ ረገድ አስተያየቱን አይደብቅም። ቅጥቅጥ የተራ ሰው ቃል ነው ተብሎ ከመደበኛ ጽሑፍ ሲገፋ፣ በአማርኛ ውስጥ «በጭነት ሻንሲ ላይ በአገር ውስጥ የመንገደኛ አካል የተሠራለት መካከለኛ አውቶቡስ» የሚለውን ረጅም ሐሳብ በሦስት ቀለም የሚገልጸው ብቸኛ ቃል አብሮ ይገፋል። በምትኩ የሚገባው «ሚዲባስ» የመቀመጫ ብዛት ይነግረናል፤ ከሥሩ ያለው ምን እንደሆነ አይነግረንም።

ለሥነ መዝገበ ቃላት

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ቋንቋዎች ጥናትና ምርምር ማዕከል የአማርኛ መዝገበ ቃላቱን ያሳተመው በ1993 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ መንገዱ ላይ ያለው መዝገብ ብዙ ተለውጧል። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ በኋላ በአዲስ አበባ መንገዶች ላይ «አይዲ ፎር» እና «አይዲ ሲክስ» የሚባሉት የቮልስዋገን የኤሌክትሪክ መኪናዎች በዝተዋል። በእነዚህም ቁጥሩ መጠንን ይከተላል፤ ስድስቱ ከአራቱ ይበልጣል፣ ሦስተኛ ረድፍ ወንበርም አለው። ቁጥሩ ግን «ትሬ» እንደተባለው በጣሊያንኛ፣ «ስድስት» እንደሚባለውም በአማርኛ አልተነበበም፤ በእንግሊዝኛ ነው። ከትሬንታ ኳትሮ እስከ አይዲ ሲክስ ባለው ጊዜ ውስጥ አማርኛ የመኪና ቁጥር በራሱ ቃል የሚጠራበት ጊዜ እምብዛም አልታየም፤ ሰሌዳው ላይ ያለው «ኮድ ሦስት» ከጥቂቶቹ አንዱ ነው። ምናልባት ምክንያቱ ሰሌዳውን የሚሰጠው የገዛ መንግሥቱ መሆኑ ይሆናል።

ለመዝገበ ቃላት የሚሆኑ የመግቢያ ረቂቆችን በማቅረብ እናቁም። አራቱም ከላይ የተነገረውን ልዩነት፣ ማለትም ከብየዳው በታችና በላይ ያለውን፣ በፍቺያቸው ውስጥ እንዲይዙ ተደርገዋል።

ኤንትሬ፦ ስም። ብዙ፦ ኤንትሬዎች፤ እሙር፦ ኤንትሬው። ከጣሊያንኛ «ኤኔ ትሬ»። የፊያት 682 ኤን 3 የጭነት መኪና። «ኤን» በጣሊያንኛ ናፍጣን ያመለክታል።

ኤፍኤስአር፦ ስም። ብዙ፦ ኤፍኤስአሮች፤ እሙር፦ ኤፍኤስአሩ። ከእንግሊዝኛ የፊደል ስሞች። ከአይሱዙ የኤፍ ቤተሰብ የሆነ፣ ከኤንፒአር የሚከብድ፣ በኋላ ጎማዎቹ ብቻ የሚነዳ የጭነት መኪና ወይም ሻንሲ።

ቅጥቅጥ፦ ስም። ብዙ፦ ቅጥቅጦች፤ እሙር፦ ቅጥቅጡ። ከ«ቀጠቀጠ»። በጭነት ሻንሲ፣ በተለይም በአይሱዙ የኤን ቤተሰብ ሻንሲ ላይ፣ የመንገደኛ አካል በአገር ውስጥ የተሠራለት መካከለኛ አውቶቡስ። ከኤንፒአር ጋር ያነጻጽሩ፤ ኤንፒአር ሻንሲውን፣ ቅጥቅጥ አካሉን ይጠራል።

አይሱዙ፦ ስም። ብዙ፦ አይሱዙዎች፤ እሙር፦ አይሱዙው። ከጃፓንኛ የወንዝ ስም። 1. ከዚሁ አምራች የወጣ ማንኛውም የጭነት መኪና። 2. በሰፊው፣ አነስተኛ ወይም መካከለኛ የጭነት መኪና፣ አምራቹ ማንም ቢሆን። በአደጋ ዘገባ ውስጥ ሲገኝ የተሽከርካሪውን ክብደትም ሆነ አገልግሎት አያመለክትም።